መግቢያችን ላይ የቆመችው መኪና

ልጄ፣ በወጣሽበት ሁሉ ክፉ አይይሽ፤ እግርሽን እንቅፋት አይንካው። አባትሽ ደህና ነው። ይህን ያስቀደምኩት ሳትደነግጪ እንድታነቢ ብዬ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ደረቱን ይዞ ወደቀ። አምቡላንስ ቶሎ ደርሶ ነበር፤ ግን የመንገዳችን መግቢያ ተዘግቷል። የዘጋችው ደግሞ አንቺ የገዛሽለት መኪና ናት። አላፊ አግዳሚው እንዲያያት ሁልጊዜ እዚያ ያቆማታል። «ይህ አሮጌ ሰፈር ድሮ ለእግረኛ የተሠራ ነው፣ አሁን መኪና እንደ አሸን ፈልቶ መላወሻ ጠፋ፣ አንተ እንኳ ተው» ስለው፣ «ልጄ የሰጠችኝን ጓሮ ልደብቃት?» ይለኛል።

ቁልፉን አባትሽ፣ ወንድምሽ እንዳይነዳት ብሎ፣ ደብቆታል። ትራሱን፣ ኮቱን፣ ቁም ሳጥኑን በረበርኩ። እሱ በዓይኑ ይከተለኛል፤ አንደበቱ ግን አልታዘዝ አለው። ውጭ አምቡላንሱ ይጮኻል። በመጨረሻ ወንድምሽና ጎረቤታችን ጫማ ሰፊው ወንበር ላይ አስቀምጠው ተሸከሙት። በመኪናዋና በግንቡ መሃል አላሳልፍ ሲላቸው ከነወንበሩ በጣሪያዋ ላይ አሻገሩት። ቁልፉን ሆስፒታል ውስጥ ነርሷ ከካልሲው አወጣችው።

ሐኪሙ «ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ አይተርፍም ነበር» አለኝ።

ትናንት ቤት ሲገባ መጀመሪያ የጠየቀኝ ምን መሰለሽ? «ጣሪያዋ ተጫረ?» ሳቄም እንባዬም እኩል መጣ። ዛሬም እዚያው አቁሟታል።

እባክሽ ደውለሽ ሽጣት በይው። እኔን አይሰማም፤ አንቺን እምቢ አይልም። እንዳይከፋሽ ልጄ። ዕድሜ ይስጥሽ፤ አንቺም ስትመጪ እስከ በራችን የሚያደርስሽ መንገድ፣ በሩንም የሚከፍትልሽ አባት ይጠብቅሽ።

እናትሽ