የት ነበሩ ብላ የምትጠይቀዋ ታብሌት ከቁም ሳጥን ትውጣልን

ለክቡር አቶ ተስፋሚካኤል
የሰፈራችን ክሊኒክ ሥራ አስኪያጅ፣ ልደታ

ክቡር ሆይ፣ የአክብሮት ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ፤ ጤናዎስ እንደምን ሰነበተ? እኔ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደስታዬ ከቤቴ ተርፎ የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ እየፈሰሰ ነው። ባለቤቴ ሁመድ ከሞት አፋፍ ተመልሶ ዛሬ ጠዋት ገንፎው አነሰኝ ብሎ ተቆጣኝ፤ የሰው ቁጣ እንዲህ ይጣፍጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ደስታዬን እንዳካፍልዎ፣ ደግሞም አንጀቴን የሚበላኝ ነገር ስላለ፣ ይህን በአደባባይ ጻፍኩልዎ።

አንደኛ፣ ምስጋና። ደንበኞችዎን ሰብስበው ባወያዩን ዕለት መጸዳጃ ቤቱ ውሃ የለውም አልኩ፤ ዛሬም የለውም። ወንበሮቹ ተሰባብረዋል አልኩ፤ ዛሬም ቆመን ነው የምንጠብቀው። ከዚያ፣ አፌ አያርፍምና፣ ዶክተር ወለተሰንበት በሽተኛውን ትታ ታብሌቷ ላይ ታፈጣለች፣ ሐኪም ያግዛል ተብሎ የተጫነባት ፕሮግራምም ጥያቄው አያልቅም፣ በወረፋ አረጀን አልኩ። አዳራሹ አጨበጨበልኝ፤ አልዋሽዎትም፣ ደስ አለኝ። እርስዎም በነጋታው ታብሌቷን ወስደው ቢሮዎ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፉባት። በዕድሜዬ ካቀረብኩት አቤቱታ ሁሉ ሰሚ ያገኘው እሱ ብቻ ነው፤ እሱም የተሳሳትኩበት።

ሁለተኛ፣ ወረፋው በእርግጥ አጠረ። ሁመድን ትኩሳት ይዞት ሳመጣው ገብተን ለመውጣት ሻይ እስኪፈላ እንኳ አልፈጀብንም። ልደታ ውስጥ ራሱን ያመመው ሰው ሁሉ ታይፎይድ ነውና እሱም ታይፎይድ ተባለ። እኔ ፍጥነታችሁን ለጎረቤት ሳወድስ ሰውዬው ባሰበት፤ ይቃዥ ጀመር፣ እኔን በእናቱ ስም ጠራኝ።

ተሸክመን ስንመልሰው ዶክተር ወለተሰንበት ደነገጠች። ያው ፕሮግራም በራሷ ስልክም ላይ ነበርና አውጥታ ከፈተችው። ፕሮግራሙ ከእሷ የበለጠ ዐዋቂ ሆኖ አይደለም፤ ነገር ግን ወረፋ አያስቸኩለውም፣ እኔንም አይፈራም። ሰሞኑን በሽተኛው ከአዲስ አበባ ወጥቶ ነበር ወይ የሚል ጥያቄ አመጣ። በእኛ አገር ደግሞ አስታማሚ እያለ በሽተኛ አይመልስም፤ እኔ ቀድሜው የትም አልሄደም አልኩ። ሽንኩርት ለማምጣት መተሐራ ሄዶ አድሮ መመለስ ለእኔ ሥራው ነው እንጂ መንገድ አይደለም። ዶክተሯ በእጇ ዝም አሰኝታኝ ወደ እሱ ጎንበስ አለች።

«መተሐራ» አለ ሁመድ፣ በዚያ በደረቀ ከንፈሩ።

ደሙ ታየ፤ ወባ ነበር። ወዲያው በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ላከችን። እዚያ ያሉት ሐኪሞች ትንሽ ዘግይታችሁ ቢሆን ኖሮ ብለው፣ የቀረውን ፊቴን አይተው ተዉት።

ሦስተኛ፣ እርስዎም በበኩልዎ ዝም አላሉም፤ ለዶክተሯ በሥራ ሰዓት ስልክ ነካክታለች ብለው ማስጠንቀቂያ ሰጧት፤ ከደገመችው ትባረራለች መባሉንም ሰማሁ። ለሥነ ሥርዓት ያለዎት ፍቅር ያስቀናል። ጥፋተኛ ሲፈለግ እኔን መዝለልዎ ግን ቅር አሰኝቶኛል። ታብሌቷን ያስቆለፍኩ እኔ፣ የትም አልሄደም ያልኩም እኔ። ሁመድ አጠገብ በተቀመጥኩ ቁጥር ያ ጭብጨባ ጆሮዬ ላይ ይመጣብኛል። የእኔስ ሰው ተመልሶ ተጠየቀ፤ በዚያ ሰሞን ተቻኩለው የወጡትን ሌሎቹን ማን መልሶ ጠየቃቸው? እኔ እዚያ አዳራሽ ስለፈለፍኩ ስንቱ ቤቱ ተኝቶ ይሆን?

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ያቺን ቅሬታዬን አንስቻለሁ። ማስጠንቀቂያውን ይሰርዙላት፣ ታብሌቷንም ይመልሱላት። ወረፋው ይርዘም፤ ቆሞ መጠበቅን ወንበሮችዎ በሚገባ አሠልጥነውናል።

የፍጥነትዎ አድናቂ፣ የጥፋትዎም እኩል ተካፋይ፣
ምላሽዎን በትሕትና ቆማ የምትጠብቀው
ቢልቂስ፣ የሁመድ ባለቤት
ከልደታ ኮንዶሚኒየም

ረስቼው፦ ከአርባ ምንጩ ሥልጠና ከተመለሱ ወዲህ ትኩሳት ይዞዎት የታይፎይድ መድኃኒት መጀመርዎን ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ነገረችኝ። አላህ ያሽርዎት። የት ሰንብተው እንደመጡ የምትጠይቅዎት ታብሌት ቁም ሳጥንዎ ውስጥ ናት፤ ቁልፉም ኪስዎ ውስጥ።