የወይዘሮ ብርሃኔ ፋይል

ሰኞ፣ ጥቅምት 3
ወረዳው ዛሬም ሰው በሰው። ሲስተሙ እስከ አራት ሰዓት አልሠራም። ከሰው ሀብት መጠይቅ በተኑልን... «ሕዝብን ለማገልገል የሚያነሳሳዎት ምንድን ነው?» ባዶውን መለስኩት። ምን ልበል? ስምንት ዓመት መስኮት ላይ ተቀምጬ የሰው ፊት ማየት ትቻለሁ። የማየው ወረቀት ነው።

ከቀጨኔ ወይዘሮ ብርሃኔ መጡ፤ ሸክላ የሚሠሩት። የባለቤታቸውን የሞት ምስክር ወረቀት ሲጠይቁ ይኸው አራተኛቸው። «ፋይሉ አልተገኘም፣ ሐሙስ ይምጡ» አልኳቸው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6
ጠዋት መጡ። አሁንም የለም። «ልጄ፣ የቀበሌ ቤቱ ውል በሱ ስም ነው። እስከ ነገ ወደ ስሜ ካላዞርኩ ያስለቅቁኛል።»
«መዝገብ ቤት ነው የጠፋው፣ እኔ ምን ላድርግ?»
ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መሳቢያዬ አልዘጋ አለኝ። እጄን ከኋላው ብሰድ... ፋይላቸው! እኔው ጋ! ሦስት ሳምንት ሙሉ!
አጠገቤ የምትሠራው ሮሐ አየችኝ። «ዝም በል በቃ፣ ነገ ሲመጡ ተገኘ ትላለህ።»
ባይመጡስ? ተስፋ ቆርጠው ቢሆንስ?
ኃላፊያችን ወይዘሮ ዓለምነሽ ጋ ገባሁ። «የወይዘሮ ብርሃኔን ፋይል የጣልኩት እኔ ነኝ። መሳቢያዬ ኋላ ተገኘ።»
«ታዲያ እዚህ ምን ያቆምሃል? አትመህ አምጣ፣ ልፈርም!»

የቀጨኔን አቀበት በሩጫ ወጣሁት። ሰው ጠይቄ አገኘኋቸው፤ ደጃፋቸው ላይ ጭቃ ያቦካሉ። እውነቱን ነገርኳቸው። «እንቅልፍ ነስተኸኝ ከረምክ» አሉ። ወረቀቱን ስዘረጋላቸው እጃቸውን ሰበሰቡ። «ጭቃ ነው፣ አንተው አንብብልኝ።» የባለቤታቸውን ስም ጮክ ብዬ አነበብኩ። አለቀሱ። እኔም ዓይኔን ወዴት እንደማሳርፍ ጠፋኝ።

አርብ፣ ጥቅምት 7
ሰባት ሰዓት ላይ ወይዘሮ ብርሃኔ ትናንት በሰጠኋቸው ቁጥር ደወሉ። «ውሉ ዞረልኝ» አሉኝ። ተመስገን! ከትናንት ወዲህ እህል የቀመስኩት ያኔ ነው።
ከሰዓት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ይገባኛል። ፈርሜ ተቀበልኩ። እፎይ...

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25
ዊንጌት ሱቅ ያላት ረሂማ የምትባል ሴት፣ የልጇን የልደት ምስክር ወረቀት ፈልጋ መጣች። መዝገቡ የለም። «ነገ» ልል አፌን ከፍቼ ቀና አልኩ። ልጇን አዝላ ላብ አጥምቋታል። «ተቀመጪ፣ አሁኑኑ እንፈልገዋለን» አልኳት።
ሮሐ ሳቀች። «ምን ነካህ? ሹመት ሰጡህ እንዴ?»
ቢሮው ሊዘጋ ሲል በሌላ ዓመት ጥራዝ ውስጥ አገኘሁት። ረሂማ ወረቀቱን ተቀብላ አልሄደችም። «ስምህን ማን ልበል? ለእናቴ ልነግራት ነው።»
መስኮቱ ላይ ስሜን የጠየቀኝ ሰው ትዝ አይለኝም።
«ቦና» አልኳት።