የናኦል ቆብ ላይ ያለው ዱቄት

ሰኞ

ዛሬም ዱቄት አለ። የልጄ የናኦል ቆብ ጠርዝ ላይ፣ ጆሮው አጠገብ። አማቴ አዮ ጠዋት ፀሐይ ላሙቀው ብለው አዝለውት ወጥተው ነበር። ፀሐይ ዱቄት አታራግፍም። ስጠይቃቸው ነፋስ ነው አሉኝ።

ገቢዎች ቢሮ ስሠራ ደረሰኝ ሳላገላብጥ አምኜ አላውቅም። የወሊድ ፈቃድ ላይ ሆኜም አመሌ አልለቀቀኝም።

ማክሰኞ

ሆስፒታል ዋልን። ዶክተሩ የናኦልን ጭንቅላት በሜትር ለካና እንደገና ለካ። ሁለቴ የሚለካ ሐኪም አልወድም። ቆይቶ፣ በተወለደ ሳምንት አዲስ አበባ የተላከው የሽንት ምርመራ መጥቷል አለኝ። ሆዴ ውስጥ እያለ ከእኔ የተላለፈ ቫይረስ አለበት። ብዙ ሰው ሳያውቀው ይዞት ያልፋል፣ ጥፋተኛ አትፈልጊ አለኝ። እርጉዝ ሆኜ ጉንፋን የመሰለ ነገር ይዞኝ ነበር፤ ዝንጅብል ጠጥቼ ረሳሁት።

በርግብግቢቱ በኩል ባነሱት አልትራሳውንድ አንጎሉ ላይ ነጫጭ ነጠብጣቦች ታይተዋል። አዲስ አበባ ሄዶ ጆሮው ይታይ፣ መድኃኒቱም ጊዜው ሳያልፍ ይጀመር ብሎ ሪፈር ጻፈ።

ጆሮው ደግሞ ምን ሆነ? እንዲህ ያለ ጨዋ ልጅ፣ ጫጫታ የማይረብሸው፣ እያለ ጎረቤቱ ሁሉ የሚያደንቀው ልጅ። ሪፈር መጻፍ ይወዳሉ። ባለቤቴ ለሚም ከጉደር ደውሎ ትንሽ እንቆይ አለ። ለአንድ ጊዜ እንኳ ተስማማን።

ረቡዕ

አዮ ናኦልን ሲያጥቡት አገጩን ይዘው አፉን አዩት። ለምን?

ገበያው አጠገብ ካለው ወፍጮ ቤት ጀርባ እንጥል የሚቆርጥ ሰውዬ አለ። ዱቄቱ ከየት እንደሚመጣ ገባኝ። ልጁ ሲያለቅስ ጠብቄ አፉ ውስጥ አየሁ፤ እንጥሉ አለ። ገና ነው ማለት ነው። ልቤ ግን አላረፈም።

እራት ስሠራ የድስት ክዳን አምልጦኝ ሲሚንቶው ላይ ተንከባለለ። ናኦል አልነቃም። ደክሞታል።

ሐሙስ

ተከተልኳቸው። እህል ተራውን አልፈው ወፍጮ ቤት ገቡ። እኔ ከበሩ ስደርስ ናኦልን ከጀርባቸው አውርደው ፊቱን ወደ ሞተሩ አዙረውት፣ መዳፋቸውን ደረቱ ላይ አድርገው ቆመዋል። ሌላ ሰው የለም፤ ያ እንጥል ቆራጭም የለም። ባለ ወፍጮው አዮ እህል ሳይዙ በየቀኑ እንደሚመጡ ነገረኝ።

ልጁን ነጠቅኳቸው። ምን ሊያስደርጉት ነው አልኩ፣ በማይገባ ድምፅ። አልተቆጡኝም።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «ክርስትናው ቀን እልልታው ሲቀልጥ ሌሎቹ ሕፃናት ሁሉ ደነገጡ። እሱ ዝም። አርጅቼ ተሳስቼ ይሆናል አልኩ። ላንቺ ከመንገሬ በፊት እዚህ አንዴ እንኳ ቢደነግጥልኝ ብዬ ነው።»

እጄን ወስደው ደረቱ ላይ አስቀመጡት። ባለ ወፍጮው ሞተሩን አጥፍቶ አስነሳው። እኔ ዘለልኩ። ናኦል ጣቱን መጥባቱን ቀጠለ።

ክዳኑ ትዝ አለኝ። ሰውን ሁሉ ስጠረጥር ሰንብቼ ይህንን አንዱን ነገር ልጠረጥር አልፈለግኩም። ዱቄቱ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ነገ በመጀመሪያው መኪና አዲስ አበባ እንሄዳለን። ለሚን አልጠየቅኩትም፤ ነገርኩት።

ዓርብ

ጊንጪ ላይ ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። እኔና አዮ እኩል የናኦልን ፊት አየን፣ ከዚያ እኩል ወደ መስኮቱ ዞርን።

አዲስ አበባ ሆስፒታል ደርሰን፣ እንደተኛ ጭንቅላቱ ላይ ሽቦ ለጣጥፈው መረመሩት። ቀኝ ጆሮው አይሰማም። ግራው ትንሽ ይሰማል። መድኃኒቱን ዛሬ ጀመርን፤ ለደሙም ለጭንቅላቱም ክትትል አለው። ይቀመጣል ወይ፣ ይሄዳል ወይ ብዬ ሐኪሟን ጠየቅኳት። አላውቅም፣ አብረን እናያለን አለችኝ። ይህችን አመንኳት።

ኮሪደሩ ላይ ለአዮ ነገርኳቸው። ናኦልን ከአንዱ ክንዳቸው ወደ ሌላው አዛወሩት፣ ግራ ጆሮው ወደ አፋቸው እንዲሆን። ከዚያ ጎንበስ ብለው በኦሮምኛ ረጅም ነገር ነገሩት። እሱም ዓይኑን ገልጦ አያቸው።

ምን እንዳሉት አልሰማሁም። ስለ እኔ ሳይሆን አይቀርም።