ሁለተኛው ግማሽ በመጋዘንዎ ነው

ለተከበሩ አቶ ወልደሰንበት
የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህርና የቤተ መጻሕፍት ዘመናዊ ማድረጊያ ኮሚቴ ሰብሳቢ
አሰላ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የጭላሎ ብርድ በዚህ ሰሞን ለጉልበት የማይመች ስለሆነ፣ በቢሮዎ ያለችው ማሞቂያ መብራት በጠፋ ቁጥር እንዳታሳዝንዎ እመኛለሁ። እኔ ከአንድ ነገር በስተቀር ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በሚኒ ሚዲያ ክበቡ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት በድፍረት አይደለም። ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ስለሆኑ፣ ስብሰባውም የንባብ ባህልን ስለ ማዳበር መሆኑን ጸሐፊዎ ስለነገሩኝ፣ እንዲህ ያለውን ቁም ነገር ማቋረጥ ነውር መስሎ ታይቶኝ ነው። ሰሌዳው ወደ መኪናዎ በሚወስደው መንገድ ላይ ስላለ፣ ቆመው ባያነቡት እንኳ በአጠገቡ ማለፍዎ አይቀርም።

ጉዳዩ፦ ቤተ መጻሕፍታችን ወረቀትን ትቶ ወደ ኤሌክትሮኒክ ማንበቢያ በመዞሩ ያየሁትን ጥቅምና ጉዳት ስለ መግለጽ፣ እንዲሁም የመጋዘን ቁልፍ ስለ መለመን።

አንደኛ፣ ምስጋና ይቅደም። ማንበቢያዎቹ (እኛ ተማሪዎች ታብሌት እንላቸዋለን፤ ታብሌት አለመሆናቸውን በማሽኖቹ ምረቃ ቀን በሰፊው ቢያስረዱንም አፋችን አልተወውም) በእውነት ድንቅ ናቸው። ይህን የምለው ለማሽሟጠጥ አይደለም። ከመዳፍ ብዙም በማይበልጥ ነገር ውስጥ አንድ ሺህ መጽሐፍ አለ። ፊት ወንበር ካልተቀመጠች ሰሌዳው የማይታያት የክፍላችን ልጅ ማህደር፣ ፊደሉን እንደ ሱቅ ማስታወቂያ አግዝፋ ታነባለች፤ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜም ሌላ ሰው ሳያነብላት አንድ መጽሐፍ ጨርሳለች። ስለ ማህደር ብቻ ስል ማሽኖቹ ለዘላለም ይኑሩ እላለሁ። ደግሞም አይቀደዱም፣ ሻይ ቢፈስባቸው አያብጡም፣ አይጥም አይበላቸውም። አይጦቹን የጠየቃቸው የለም እንጂ እነሱም ቅሬታ ሳይኖራቸው አይቀርም።

ሁለተኛ፣ ስለ ቻርጅ። ማሽኖቹ አንዴ ከጠገቡ ለሳምንታት እንደሚቆዩ ተነግሮን ነበር። ይቆያሉም። ነገር ግን የሚጠግቡበት ቁምሳጥን ቁልፍ በንብረት ክፍሉ ኃላፊ ኪስ ውስጥ ነው፤ ኪሱም ከባለቤቱ ጋር አርቦዬ ለስልጠና ሄዶ ሰነበተ። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት የቤተ መጻሕፍት ክፍለ ጊዜያችን ሲደርስ፣ የተደረደሩት ማሽኖች ሁሉ የባዶ ባትሪ ሥዕል አሳዩን። የክፍላችን ልጅ ሚፍታ «ይሄማ የሕፃናት ሥዕላዊ መጽሐፍ ነው» ሲል ሁሉም ሳቀ። እኔም ልስቅ ነበር፤ ግን ቤት ገብቼ ለማን ልነግረው ነው ብዬ ሳስብ ሳቁ ጠፋብኝ።

ሦስተኛ፣ ይህኛው ረዘም ስለሚል ይታገሱኝ።

እህቴን ሐመልማልን እንደሚያስታውሷት አምናለሁ። በሰልፍ ላይ የሕሊና ጸሎት ያስደረጉላት ልጅ ናት። ስሟን በትክክል ነው የጠሩት፤ የሳቱት ክፍሏን ብቻ ነው። አሥራ ሁለተኛ ነበረች። ልቧን የሚያማት ከልጅነቷ ጀምሮ ስለነበር ሩጫ አትችልም ነበር፤ «በአርሲ መሮጥ ያቃተው ሰው ከማንበብ ሌላ ምን ሥራ አለው?» ትል ነበር።

አባታችን የእህል ነጋዴ ነው። ከኢተያና ከሳጉሬ የሚመጣ ስንዴ ስለሚረከብ፣ የጆንያ መስፊያ መርፌና ሰማያዊ የናይለን ክር እኛ ቤት እንደ ጨው የማይታጣ ነገር ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ደግሞ ለአንድ ቤት በአንድ ጊዜ አንድ መጽሐፍ ብቻ ያበድር ነበር። ሁለታችንም ወረፋ መጠበቅ ስለማንወድ፣ ሐመልማል አንድ ዘዴ አገኘች። የመጽሐፉን ስፌት ከመሀል ፈትታ ለሁለት ትከፍለዋለች፤ ለኋላው ስፌት እንዲመችም የሁለቱንም ግማሽ ጠርዝ ቀድማ በጆንያ መርፌ ትበሳዋለች። የመጀመሪያውን ግማሽ አንብባ ለእኔ ትሰጠኝና እሷ ወደ ሁለተኛው ታልፋለች። ሁለታችንም ስንጨርስ በአባታችን መርፌ መልሰን እንሰፋዋለን።

ይህ ሥራ ሁለት ሰው ይፈልጋል። መርፌውን እሷ ከወዲህ ትወጋለች፣ እኔ ከወዲያ በፒንሳ እጎትታለሁ። ትንሽ ከዘገየሁ «ጎትት እንጂ አንተ! ስንዴ ቢሆን እስካሁን ፈሶ ነበር» ትለኛለች። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ጋሽ ሣህሌ መጀመሪያ ያየን ጊዜ ጮኸውብን ነበር። ስፌቱን ግራና ቀኝ ስበው ከሞከሩት በኋላ ግን፣ ሌሎች የተገነጣጠሉ መጻሕፍትንም በፌስታል እያመጡ ይሰጡን ጀመር።

እሷ ሁልጊዜ በግማሽ መጽሐፍ ትቀድመኝ ነበር። መጨረሻውን ግን ነግራኝ አታውቅም። ወንዝ ያለበት ታሪክ ሲሆን ፊቴን ብቻ አይታ «ገና ወንዙን አልተሻገርክም፣ አይደል?» ትለኛለች፤ ጆሮዬን ይዤ እሸሻለሁ።

የመጨረሻው መጽሐፋችን ላይ የእኔ ግማሽ የሚያበቃው ሰውዬው ከሞላ ወንዝ ዳር ቆሞ ሳለ፣ ያውም ዐረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ነው። ሁለተኛውን ግማሽ ሐመልማል ሆስፒታል ይዛው ገባች፣ ይዛውም ወጣች፣ ከዚያም በራስጌዋ አስቀምጣው ሞተች። ጨርሳው ይሁን ሳትጨርሰው አላውቅም። ማወቅ የምፈልገው ይህንን ነው፤ ሌላ ነገር አልፈልግም። የደረሰችበት ገጽ ላይ ቁራጭ ሰማያዊ ክር የማስቀመጥ ልማድ ነበራት። ክሩ መሀል ላይ ካለ አልጨረሰችም ማለት ነው። ከሌለ ጨርሳለች፣ መጨረሻውንም አውቃ ነው የሄደችው ማለት ነው።

ጋሽ ሣህሌ ለቅሶ መጥተው ከልባቸው አለቀሱ። ሲወጡም፣ በኋላ ለእናቴ ጣጣ እንዳይሆንባት ብለው፣ በራስጌዋ ያገኙትን የትምህርት ቤት ንብረት በጋቢያቸው ሥር ይዘውት ሄዱ። በጎ አስበው ነው፤ አልቀየምኳቸውም። እኔ በዚያ ሰዓት ድንኳን ውስጥ የእንግዳ እጅ ሳስታጥብ ነበር። ትምህርት ቤት ስመለስ መደርደሪያዎቹ ባዶ ሆነው፣ መጻሕፍቱ መጋዘን ገብተው፣ በቦታቸው ማሽኖችዎ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

አንድ ቀን ኮሪደር ላይ አግኝቼዎት ይህንኑ ስጀምርልዎ፣ እጅዎን ትከሻዬ ላይ አድርገው «ያ መጽሐፍ እኮ በማሽኑ ውስጥ አለ ልጄ፤ ያውም ሙሉው!» አሉኝ። ስለ ትከሻዬ አመሰግናለሁ። እውነትዎንም ነው፤ አለ። ፈልጌ ከፈትኩት፣ የእኔ ግማሽ የሚያበቃበት ቦታ ድረስም ሄድኩ። በማሽኑ ላይ ዐረፍተ ነገሩ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይቀጥላል። የተሰፋበት ምልክት እንኳ የለውም። ቀጣዩን ቃል ላለማየት ማያውን በመዳፌ ሸፍኜ ዘጋሁት።

አድልዎ እንዳይሆንብኝ ግን አንድ ትልቅ ጥቅም ልመስክር። ማሽኑ አንባቢ የለቀቀበትን ቦታ አይረሳም። ሐመልማል በማሽን አንብባ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ስከፍተው ይህን ያህል በመቶ አንብባለች ብሎ ይነግረኝ ነበር። ለቅሶ ደራሽም በጋቢው ሥር ይዞት አይሄድም ነበር። እንዲህ ያለውን ዕቃ ስላመጡልን አመሰግናለሁ፤ የዘገየው ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው።

አራተኛ፣ ስለ ጸጥታው። ድሮ አንድ መጽሐፍ ለብዙ ሰው ስለነበር «ጨረስክ?» «ገና ነኝ፣ ሂድ ወዲያ!» «ዛሬ ካልጨረስክ መጨረሻውን እነግርሃለሁ!» እየተባባልን እንጨቃጨቅ ነበር፤ ጋሽ ሣህሌም ዝም በሉ ሲሉ ድምፃቸው ከሁላችንም ይበልጥ ነበር። አሁን አንድ ሺህ መጽሐፍ ለአንድ ሰው ነው። ማንም ማንንም አይጠብቅም፣ ማንም ማንንም ጨረስክ ብሎ አይጠይቅም። ይህን ጸጥታ በሪፖርትዎ ላይ እንደ ውጤት እንደጠቀሱት ሰምቻለሁ። ጸጥታ ካስደሰተዎ ቤታችንም ብቅ ቢሉ መልካም ነው። እናቴና አባቴ እንዳልሰማቸው ቀስ ብለው ስለሚያወሩ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ይልቅ የእኛ ቤት ይበልጣል።

አምስተኛ፣ በኮሚቴዎ ማስታወቂያ ላይ «ከጥቅም ውጭ የሆኑ መጻሕፍት ለመጠቅለያ ወረቀት ፈላጊዎች በኪሎ ይሸጣሉ፤ ግማሽ የሆኑና ሽፋን የሌላቸው ይቀድማሉ» የሚል አንብቤ ጥንቃቄዎን አደነቅሁ። ግማሽ መጽሐፍ በእርግጥም ለማንም አይጠቅምም፤ ሌላኛው ግማሽ በቤቱ ካለው ሰው በስተቀር።

ስለዚህ ክቡርነትዎን በትሕትና የምለምነው ይህንን ነው። የመጋዘኑ ቁልፍ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ለጋሽ ሣህሌ እንዲሰጥልኝ። ሁለተኛውን ግማሽ ፈልጌ ክሩን አይቼ፣ አንብቤ፣ ከእኔ ግማሽ ጋር ሰፍቼ፣ መልሼ ለማስረከብ ቃል እገባለሁ፤ ከዚያ በኋላ በኪሎ ቢሸጡትም ቢያንስ ሙሉ ሆኖ ይመዘናል። ሌላው፣ ኮሚቴው አባላት የበዙለት ስለሆነ፣ በስፌቱ ሰዓት ከወዲያ በኩል መርፌ የሚጎትት አንድ ሰው ቢመድብልኝ። ብቻዬን ሞክሬው ነበር። በአንድ እጅ ወግቶ በሌላው መጎተት ይቻላል፤ ግን ጎትት እንጂ የሚል ሰው ስለሌለ ክሩ ይላላል።

ለዘመናዊነት ያለዎት ትጋት ሳይቀዘቅዝ፣ ማሽኖችዎ ሳይራቡ፣ ስብሰባዎችዎም ሳይቋረጡ እንዲሰነብቱ እየተመኘሁ፣ ይህን ሁሉ ቆመው ካነበቡ ለጉልበትዎ፣ ካላነበቡም ለጊዜዎ ከፍ ያለ አክብሮት ያለኝ፣

ታዛዥ ተማሪዎ
ወንድምአገኝ እንደሻው
የሐመልማል ወንድም
አሥረኛ ክፍል

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ልለጥፈው ስመጣ፣ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሎ ከሚሸጡት ከእትዬ ማሚቱ የገብስ ቆሎ ገዛሁ። «ወረቀቱን አየኸው? ጠንካራ ነው፣ አያፈስም፤ ትናንት ከመጋዘኑ በጋሪ ካወጡት ነው የገዛሁት» አሉኝ። በወረቀቱ ጠርዝ ላይ የጆንያ መርፌ ቀዳዳዎች ተደርድረዋል። ቆሎውን በኪሴ ገልብጬ፣ ሳላስበው ገጹን አነበብኩት። ሰውዬው ወንዙን ተሻግሯል።

ስለዚህ ስለ ቁልፉ አይጨነቁ። መጽሐፉን እስክጨርስ ቆሎ እበላለሁ። ክቡርነትዎም በሻይ ሰዓት ቆሎ ሲያስገዙ ሰፋፊ ቀዳዳ ያለው ወረቀት ከደረሰዎ፣ ሳይጨመድዱ ያስቀምጡልኝ። ከእትዬ ማሚቱ የምትገዙ ሁሉም እንዲሁ አድርጉልኝ። ሰማያዊ ክር የተጣበቀበት ገጽ ያገኘ ሰው ደግሞ ቁጥሩን ብቻ እዚህ ሰሌዳ ላይ ይጻፍልኝ። ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔ አነብላታለሁ።