የሚስስ ሃርከር ጭስ ማውጫ

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 5

ዝናብ። ሚስስ ሃርከር ደወሉ፤ የመኝታ ቤታቸው ግድግዳ ውሃ ያስገባል። መሰላል ይዤ ወጣሁ። የጭስ ማውጫው ጡብ እንደ ብስኩት ይፈረፈራል፤ በመሃሉ ያለው ሲሚንቶ ግን ንክች አላለም። የመቶ ዓመት ቤት በሲሚንቶ! ኖራ ያስተነፍሳል፤ ሲሚንቶ ውሃውን ጡቡ ውስጥ ቆልፎ ያበሰብሰዋል። ይህን የማያውቅ ምኑን ግንበኛ ሆነ?

ወርጄ "ማነው እንዲህ የተጫወተብዎት?" አልኩ።

"አንተና ክላይቭ ናችሁ እንጂ። ረሳኸው? ባለቤቴ ፍራንክ፣ ነፍሱን ይማረው፣ አንዳችሁን 'እጁ ጥንቅቅ ያለ ነው' ይል ነበር።"

አልረሳሁም። ክላይቭ ያኔ ሸሪኬ ነበር፤ ያን በጋ በዚህ መንገድ ያሉትን ጭስ ማውጫዎች ሁሉ ሠርተናል፤ አንዳችን ጣሪያ ላይ ሲወጣ ሌላው ከሥር ሲሚንቶ ያቦካል።

"የእርስዎ ጣሪያ ላይ የወጣው ክላይቭ ነው" አልኳቸው። አፌ ለምዶታል...

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 6

ክላይቭን ሱፐርማርኬቱ በር ላይ የሸማቾችን ጋሪ ሲሰበስብ አየሁት። በአንገቱ ሰላም አለኝ። እንዳላየ ሆኜ አለፍኩ። ምን አድርጎኝ ነበር? ተለይቶኝ የራሱን ሥራ ጀመረ፣ በቃ። ከዚያ ሃያ ዓመት ሙሉ በየመጠጥ ቤቱ "የክላይቭ ሥራ ክረምት አይሻገርም" እያልኩ ያወራሁት እኔ ነኝ። ሰዉም አመነኝ። ደንበኛ አጣና ዘጋ።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 11

ማፍረስ ጀመርኩ። እኛ ግንበኞች ስንጨርስ፣ አናቱ ላይ፣ ሲሚንቶው ሳይደርቅ ስማችንን በምስማር እንጭራለን። ከወፍ በቀር የሚያየው የለም። የበቀለበትን የድንጋይ ሽበት ፋቅኩት።

ሌን አክሮይድ፣ 1987።

የኔ ስም። የኔ ጽሑፍ። እዚያው ቁጭ አልኩ።

ሚስስ ሃርከር ከታች "ሻይህ ቀዘቀዘ! የክላይቭን ጉድ ዛሬ አትጨርሰውም!" አሉ።

"መጣሁ" አልኩ። ስሜን ማየቴን ሳልነግራቸው ሻዬን ጠጣሁ። ፈሪ ነኝ።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 14

ክላይቭ ቤት ሄድኩ። በሩ ላይ አቆመኝ።

"በሚስስ ሃርከር ጣሪያ ላይ ስሜን አገኘሁት።"

"እሺ።"

"ታውቅ ነበር?"

"ሲሚንቶውን ያቦካሁልህ እኔ አይደለሁም? 'በኖራ ይሁን' ብልህ 'እሱ የአባቶቻችን ነው' ብለህ ሳቅክብኝ።"

"ታዲያ ያን ሁሉ ሳወራብህ ለምን ዝም አልክ?"

"ማን ሊሰማኝ? አንተ ቀድመህ አውርተህ!"

አብረን እንድንሠራው ለመንኩት።

"ጉልበቴ መሰላል አይወጣም፣ ሌን። አሥራ ሁለት ዓመት ጋሪ ስገፋ አለቀ።"

በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ቢያላጋብኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 29

በኖራ ሠርቼ ጨረስኩ። ኖራው ገና እርጥብ ነው። ምስማሩን አወጣሁና መልሼ ኪሴ ከተትኩት። ወርጄ ለሚስስ ሃርከር እውነቱን ነገርኳቸው።

ማንቆርቆሪያውን ከእሳቱ አወረዱት። ከዚያ "እኔ እኮ ሰፈሩን ሁሉ 'ክላይቭን እንዳትጠሩ' እያልኩ ነው የኖርኩት። አንተን አምኜ" አሉ። ዛሬ ሻይ አልነበረም።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 6

ሚስስ ሃርከር ለጎረቤት ሁሉ ተናግረዋል። ትናንት መጠጥ ቤት ስገባ ወሬው ጸጥ አለ። ሁለት ደንበኞች "ይቅርብን" አሉኝ፤ ስልኬም ከሰኞ ወዲህ አልጮኸም። ገና አምስት ቀኔ ነው።

ክላይቭ ሃያ ዓመት እንዴት ቻለው?