የሟች ባለ በር

ለሠራዊቱ አባላትና ለጡረተኞች የሕይወት መድን ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ መሥሪያ ቤትዎ የክፍያ ተመን ለዓመታት ንቅንቅ ሳይል እንዲጸናልዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ በዚህ ጋዜጣ በኩል እጅ እነሳለሁ። ኢኮኖሚክስ ተምሬ ዘንድሮ የወጣሁ ትኩስ ምሩቅ ነኝ፤ ሥራ ገና ስላላገኘሁ ስለ እርስዎ የማስብበት ጊዜ ሞልቶኛል።

በቅድሚያ ምስጋናዬን ላቅርብ። ወታደሩ አባቴ የመድን ውሉን ሲፈርም ተመኑ ሁለት ክፍል ቤት ያሠራ ነበር። ግዳጅ በሄደ ቁጥር እናቴን «አይዞሽ፣ እኔ ባልመለስ ባለቤት ትሆኛለሽ» እያለ ያስቃት ነበር። በወደቀ ጊዜ መሥሪያ ቤትዎ ቃሉን ሳያጥፍ፣ ያችኑ ገንዘብ ሳይጨምር ሳይቀንስ ከፈለን። ለዚህ ታማኝነት ቃል ያጥረኛል። አቤቱታዎቼ ጥቂት ናቸው፦

አንደኛ፣ ከፊርማው እስከ ሞቱ ገበያው የማይቀመስ ሆኖ ስለቆየን፣ ከቀብሩ የተረፈው ገንዘብ የገዛልን አንድ የእንጨት በር ከነመቃኑ ነው። እናቴ እጇ ላይ ቀልጦ ሳያልቅ ብላ ነው የገዛችው። በሩ ቤት ስለሌለው፣ በተከራየናት ክፍል ከአልጋው ራስጌ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። መሥሪያ ቤትዎ ግን እስከ ዛሬ «የሟች ባለቤት» ብሎ ይጽፍላታል። መዝገብዎ ከእውነቱ ጋር እንዲስማማ «የሟች ባለ በር» ተብሎ ይታረምልን።

ሁለተኛ፣ ንፋስ በገባ ቁጥር በሩ ከመቃኑ ጋር እየተጋጨ ይንኳኳል። በመጀመሪያው ሰሞን ታናሽ እህቴ እንግዳ እየመሰላት «ማነው?» ትል ነበር። አንድ ቀን እናቴ ሽንኩርት ከምትከትፍበት ቀና ሳትል፣ «አባትሽ ነው፤ ቤቱ ጠፍቶበት ነው» አለቻት። ከዚያ ወዲህ የሚጠይቅ የለም። ሲንኳኳ እናቴ ተነሥታ እጀታውን ይዛ እስኪረጋ ትቆማለች። ይህ ዓይነቱ ጉዳት በየትኛው ክፍልዎ እንደሚስተናገድ ቢጠቁሙኝ ውለታዎ አይረሳኝም።

ሦስተኛ፣ በሩን የሠራልን አናጺ በቀደም መጥቶ በእጥፍ ልግዛችሁ አለን። የአባቴ ሕይወት በተተመነበት ዋጋ ሲቀር፣ የገዛልን ጣውላ ከገበያው እኩል እየተራመደ ነው። ለጣውላ የተቻለው ለሰው ለምን እንዳቃተ የተማርኩት ትምህርት አላስረዳኝም። እናም ተመኑ በየዓመቱ ከኑሮ ውድነቱ ጋር አብሮ የሚነሣበትን ስሌት ሠርቼ ቢሮዎ ድረስ አምጥቼ ነበር። ጸሐፊዎ «ጎበዝ ነህ፣ የኔ ልጅ» ብለው በፈገግታ ተቀብለው፣ ንፋስ እንዳይበትናቸው ሌሎቹ ወረቀቶች ላይ ጫኑት። ንፋሱ እርስዎም ዘንድ ይገባል ማለት ነው።

የምቸኩለው ታላቅ ወንድሜ በሚቀጥለው ሳምንት እንደ አባቴ ወታደር ሆኖ በዚያው ተመን ስለሚፈርም ነው። «በሩን አባባ ችሏል፤ መስኮቱ የእኔ ድርሻ ነው» ሲል እናቴ እንደ ድሮው አልሳቀችም። እኔ ግን አስልቼዋለሁ፤ ተመኑ ካልተነሣ መስኮትም አይሆንም፣ የመስኮት ማጠፊያ ብቻ ነው። ቢሆንም ተስፋ አልቆረጥኩም። የእርስዎ ፊርማ የእሱን ከቀደመ ይበቃናል።

ከተደገፈው በር ሥር ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣
የክቡርነትዎ የዘወትር አመስጋኝ፣
የሟች ባለ በር ሁለተኛ ልጅ

ማስታወሻ፦ ምላሽ የሚያደርስ መልእክተኛ ከላኩልን፣ እባክዎ ከውጭ ሆኖ ይጥራ እንጂ አያንኳኳ። በር ሲንኳኳ እናቴ የምትሄደው ወደ ውጭኛው አይደለም።