ከኋላህ የነበረው ቀይ መብራት

ለቀድሞ ባለቤቴ፣

እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ ተሻለህ ወይስ አሁንም ጎንበስ ብለህ መቃናት ያቅትሃል? እናትህ እንዴት ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። ክብደት ጨመርሽ ይሉኛል፤ አላመንኳቸውም።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልህ እህትህ ናት። አንብበህ ብትቀደው ቅር አይለኝም፤ ብቻ እስከ መጨረሻው አንብበህ ቅደደው። ነገሩ ስለ ሳይክል ነው። ሌላ ነገር ጠብቀህ ከሆነ ይቅርታ።

ዕቃ የተካፈልንበት ቀን ትዝ ይልሃል። እህትህ መሃላችን ተቀምጣ ድስቱ ለእሷ፣ ሬዲዮኑ ለእሱ፣ ብርድ ልብሱ ለማን እያለች ራሷ አለቀሰች፤ እኛ ደረቅ ዓይናችንን ይዘን አየናት። በሳይክሎቹ ላይ ክርክር አልነበረም። መብራቶቹን ግን ማንም አላነሳቸውም። ነጩ ከአንተ መሪ ላይ፣ ቀዩ ከእኔ ኮርቻ ሥር እንደታሰሩ ተለያዩ። ለሁለት ሳይክል አንድ ጥንድ መብራት የገዛኸው አንተ ነህ። አንተ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ተጠጋግተን እስከሄድን ድረስ ሌላው ትርፍ ነው አልከኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ሄድን፤ እኔ ሆስፒታሉ በር ላይ እቀራለሁ፣ አንተ አልፈህ ወደ እንጨት ሥራህ።

በተለያየን ማግስት እንደ ልማዴ በጨለማ ወጣሁ። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ስደርስ ነው ከፊቴ ምንም እንደማይታየኝ የገባኝ። እስከዚያ የአንተን መብራት እየጠበቅኩ ነበር መሰለኝ። ወርጄ ሳይክሉን እየገፋሁ ሄድኩ፤ ከሥራ ስወጣም ነጭ መብራት ገዛሁ። አንተም ቀይ የገዛህ መስሎኝ ነበር። እናትህ ቤት ገብተህ በሌላ መንገድ ስለምትመጣ አላየሁህም፣ አልጠየቅኩምም።

ባለፈው ወር አንድ ሰኞ አርፍጄ ወጣሁ። አደባባዩ ጋ ስደርስ አንድ የጭነት መኪና ፍሬን ይዞ ሲጢጥ ሲል ሰማሁ። ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ይሳደባል፤ ሰው ይሁን ጥላ ሳልለይ ነፍስ ላጠፋ ነበር ይላል። ከፊቱ ጥቁር ካፖርት የለበሰ ሰው ምንም እንዳልተፈጠረ ፔዳሉን ይመታል። ግራ ትከሻህ ዝቅ ስለሚል አወቅኩህ። ከኋላህ የክብሪት ያህል እንኳ ብርሃን የለም። ከፍርሃቱ ይልቅ ንዴቱ በለጠብኝ።

ልጠራህ አፌን ከፍቼ ነበር። ምን ብዬ እንደምጠራህ ጠፋኝና ተከተልኩህ። ሆስፒታሉ በር ላይ ስደርስ አልታጠፍኩም። ዘበኛው እጁን እንዳነሳ ቀረ። አንተ እንጨት ቤቱ ግቢ እስክትገባ ድረስ ከኋላህ ሄድኩ፤ ከዚያ ዞሬ ተመለስኩ።

በዚያው ቀን ለእህትህ ነገርኳት፤ በእኔ ስም አትንገሪው አልኳት። ቀይ መብራት ልግዛልህ ብትልህ፣ እኔ ከፊቴ ካየሁ ይበቃኛል አልካት አሉ። ሳቅኩ። ትዳራችን ውስጥም እኮ ጠባይህ ይኸው ነበር፤ አንተ ማየትህን እንጂ ለሌላው መታየትህን አስበህ አታውቅም። ሹፌር የሚያድንህ አንተ መንገዱን ስላየህ አይደለም፣ እሱ አንተን ስላየህ ነው። ይህንን ለማስረዳት ሹፌር መሆን አያስፈልገኝም።

እንግዲህ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆን ብዬ እያረፈድኩ አደባባዩ ጋ እጠብቅሃለሁ። ታልፋለህ፤ አሥር አስራ ሁለት እርምጃ ያህል ራቅ ብዬ እከተልሃለሁ። ብርሃኑ ጀርባህ ላይ እንዳያርፍ የፊቱን መብራቴን ወደ አስፋልቱ አዘቀዝቀዋለሁ። ከኋላ የሚመጣ መኪና የእኔን ቀይ ያያል፣ ሰፋ አድርጎ ሁለታችንንም ያልፋል። ይኸው ነው። ውለታ እየቆጠርኩብህ እንዳይመስልህ።

ችግሩ ሥራዬ ነው። የልብስ እጥበት ክፍሉ ያለኔም ሥራውን አያቆምም፣ ግን የሌሊቱ አንሶላ ተቆልሎ ይጠብቃል። በየቀኑ ሃያ ደቂቃ አረፍድ ነበር። አለቃችን፣ ያቺ ቆጣሪዋ የምንላት፣ ጠርታ ጠየቀችኝ። የሳይክሌ ካቴና እየወለቀ አስቸገረኝ አልኳት። በዘመኔ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት የሚወልቅ ካቴና አይቼ አላውቅም አለችና ማስጠንቀቂያ ጻፈችልኝ። ሁለተኛም ጻፈች። ሦስተኛው ስንብት ነው። መጥፎ ሰው ግን አይደለችም፤ ጠዋት ካልቻልሽ ከሰዓት በኋላ ፈረቃ ግቢ አለችኝ። ቤት ሄጄ አሰብኩበትና ትናንት ፈረምኩ። ከዚያ ሥራ ሌላ መተዳደሪያ የለኝም።

ከደብዳቤው ጋር እህትህ የምትሰጥህ ትንሽ ካርቶን አለ። ቀይ መብራቱ አዲስ ነው። ከኮርቻው ሥር እሰረው፤ ካፖርትህ እንዳይሸፍነው ኮርቻው ላይ ስትቀመጥ ጫፉን ሰብሰብ አድርገው። ብልጭ ድርግም የሚለውን ተወው፣ ሳያቋርጥ የሚበራውን ተጠቀም። ባትሪው እስኪሞት አትጠብቅ። የሚያብረቀርቀው ጨርቅ ለቁርጭምጭሚትህ ነው፤ እግር ከፍ ዝቅ ሲል ሹፌር ቶሎ ያየዋል። ያስቅብኛል ካልክ ግቢው በር ላይ ፍታው፣ ማንም አያይህም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ባልጽፈው ይሻል ነበር፤ ግን ሌላ ጊዜ አልጽፍም። ሐሙስ ዕለት ክዳኑ የተሰረቀው የፍሳሽ ጉድጓድ ጋ ስትደርስ ግራ እጅህን ወደ ኋላ ዘርግተህ በጣትህ ወደ ታች አመለከትክ። ይህ ከኋላው ሰው ያለው ሰው፣ ተጠንቀቅ ለማለት የሚያደርገው ነው። ድምፅ አላሰማሁም፣ መብራቴም ወደ ታች እንደተደፋ ነበር። የስድስት ዓመት ልማድ ነው፣ እጁ በራሱ ጊዜ ነው ያደረገው አልኩ። አርብ ግን ጉድጓዱ ጋ ከመድረስህ በፊት ፍጥነትህን ቀነስክ። እስክጠጋህ ጠበቅክ። ከዚያ ነው እጅህን የዘረጋኸው።

ምንም አልጠይቅህም። አንተም ምንም አትመልስልኝ።

ከሰኞ ጀምሮ ግን ከኋላህ ማንም የለም። መብራቱን እሰረው።

ለእናትህ ጤና ይስጥልኝ፤ አንተንም ከክፉ ነገር ሁሉ ይሰውርህ።

የቀድሞ ባለቤትህ